«ውሃ ይደርበት»፦ ስለ ቧንቧ ሠራተኛው ስለ ጋሽ ጥላዬ

በጁባ ለብዙ ዓመታት ቧንቧ ሲሠሩ የኖሩት አቶ ጥላዬ ገብሬ፣ ሁላችንም ጋሽ ጥላዬ የምንላቸው፣ አርፈዋል። መርዶው ያልደረሳችሁ ወዳጆቻቸው በያላችሁበት እወቁት። ሕመማቸው አጭር ነበር። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ ጁባ ውስጥ የታመመ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው። በኋላ ሐኪሙ ልባቸው እንደሆነ ነገረን፣ ያን ጊዜ ግን ነገሩ አልፎ ነበር።

እኔ የሰማሁት ቶንፒንግ ውስጥ አንድ ሆቴል ጣሪያ ላይ ሽቦ ስስብ ነው። የደወለልኝ ላዶ ነበር። ላዶ የጁባ ተወላጅ፣ የልጆች አባት፣ ከጋሽ ጥላዬ ጋር እያፈረሰና እየገጠመ ያረጀ የቧንቧ ባለሙያ ነው። «ሙዓሊም ሙቱ» አለኝ። በጁባ ዓረብኛ ጌታዬ፣ የሙያ አባቴ ሞተ ማለቱ ነው። ከመሰላሉ ወረድኩ፣ መብራቱን ከዋናው አጠፋሁና የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። አዘንኩ። ከዚህ በላይ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

ይህን የምጽፈው ግን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ጋሽ ጥላዬ ሲሞቱ አንድ ሥራ በእጃቸው ነበር፤ ሸሪካት በሚባል ሰፈር፣ ከወንዙ ድልድይ ማዶ ያለች ትንሽ የማዋለጃ ክሊኒክ ቧንቧ። ዝናቡ ገብቶ መንገዱ ከመበላሸቱ በፊት ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ውሃ መግባት ነበረበት። ያ ሥራ እንዴት እንዳለቀ በየለቅሶ ቤቱ ብዙ ሲወራ ሰምቻለሁ፣ አብዛኛው እውነት አይደለም። እዚያው ስለነበርኩ የሆነውን በሆነበት ልክ ልናገር።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ኤሌክትሪክና ውሃ አይዋደዱም፤ ሠራተኞቻቸውም እንደዚያው ናቸው። ከጋሽ ጥላዬ ጋር የተዋወቅነው ግድግዳውን ማን አስቀድሞ ይቦርቡር በሚል ጭቅጭቅ ነው። ከዚያ በኋላ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ና እስቲ ባለ ሽቦው፣ ያንተ እባብ መንገዴ ላይ ተጋድሟል» ይሉኛል። እኔም «ጋሼ፣ የኔ እባብ የሚናደፈው የእርስዎ ቧንቧ ሲያፈስ ነው» እላቸዋለሁ። ይስቁና ቡርሻቸውን፣ ማለት የሲጋራ ቁራጫቸውን፣ ከጆሯቸው ላይ አንስተው ሳያቀጣጥሉ መልሰው ይሰኩታል። ማጨስ ትተው ነበር፤ ሲጋራውን ግን አልተዉትም።

አጭር፣ ደንዳና ሰው ነበሩ። ሱሪያቸው ሁሉ ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። «የቄስና የቧንቧ ሠራተኛ ጉልበት አንድ ነው» ይሉ ነበር፤ «ሁለታችንም እንጀራችንን ተንበርክከን ነው የምንበላው።»

የሙያቸውን ታሪክ ማውራት ይወዱ ነበር፣ እኔም መስማት ባልወድም ሰምቻለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ጆሮውን የት ይወስዳል? የተወለዱት ጉለሌ ነው። በልጅነታቸው የሰፈሩ ሰው ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነበር፣ ባልዲና እንስራ እየተደረደረ፣ ወረፋ ተቀደመ እየተባለ እየተደባደበ። ሙያውን የተማሩት ከአንድ ሽማግሌ ሲሆን፣ ሽማግሌው ደግሞ ከአንድ ጣልያን ጋራዥ ነው የለመዱት። «ቀድሞ ቧንቧ ያለው ንጉሥ ቤት ነበር» ይሉን ነበር፤ «ከዚያ ወደ ሰፈር ወረደ፣ ከሰፈር ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ማድ ቤት ገባ። ከቤተ መንግሥት እስከ ድሃ ማድ ቤት በጉልበቱ እየዳኸ ያመጣው ማን ይመስላችኋል? የኛ ሰው ነው። ሐውልት ግን የለውም፤ የሚታሰበው ሲያፈስ ነው።»

ጣልያኖቹ ሄዱ፣ ቃላቸው ከብረቱ ጋር ቀረ። ቧንቧ የሚታጠፍበትን ክርን የሚመስል ማያያዣ እስከ ዛሬ ጎሚቶ፣ ዋናውን መዝጊያ ሳራቺኔስካ እንላለን። እነዚህ ቃላት ከአዲስ አበባ ከጋሽ ጥላዬ ጋር ጁባ ድረስ መጥተው በላዶ አፍ ገቡ። ላዶ ለብዙ ጊዜ አማርኛ እየተማረ መስሎት በየምግብ ቤቱ ለኢትዮጵያውያን አስተናጋጆች «እኔ አማርኛ እችላለሁ፣ ጎሚቶ! ሳራቺኔስካ!» እያለ ይፎክር ነበር፤ እነሱም አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ጉዳዩ የገባው ቀን በጣም ተናደደ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ያስተማርከኝ የማንን ቋንቋ ነው?» አላቸው። ላዶ አማርኛን ከሥራ ቦታ ስለለቀመው አንቱታ አያውቅም፣ ጋሽ ጥላዬም ሊያርሙት አልፈለጉም። «የቧንቧ ሠራተኛ ቋንቋ ነው» አሉት፤ «አሁን ያንተም ነው።»

በጁባ ቧንቧ መሥራት ሌላ ቦታ እንደ መሥራት አይደለም። ወንዙ አጠገባችን ይሄዳል፣ እኛ ግን አብዛኞቻችን ውሃችንን የምንጠብቀው ከቦቴ መኪና ነው። ቦቴው መጥቶ ታንከሩን ይሞላል፣ ከታንከሩ ወደ ቤት ያለው መንገድ የቧንቧ ሠራተኛው ነው። «አዲስ አበባ ቧንቧ ቢያፈስ መንግሥት ይከስራል» ይሉ ነበር፤ «እዚህ ግን የግድግዳ ውስጥ ጠብታ ታንከርህን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። አንተ ጠዋት ስትነሳ ፊትህን የምትታጠብበት አታገኝም።»

ለዚህ ነው ሁለት የማይሻሩ ሕጎች የነበሯቸው። የመጀመሪያውን ከእሳቸው ጋር የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቧንቧ ከተዘረጋ በኋላ በውሃ ተሞልቶ፣ ጫፉ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሳይነካ ያድራል። ጠዋት መጋጠሚያው ሁሉ በሶፍት እየተጠቀለለ ይታያል፤ ሶፍቱ ከረጠበ ተቆርጦ ይወጣል፣ ከደረቀ ግንበኛው ይለስናል። ሳያድር ልስን የለም። «ውሃ ይደርበት» ካሉ አለቀ፣ የሚለምናቸውም የሚቆጣቸውም እኩል ነው።

አንድ ጊዜ ቡሉክ ውስጥ አንዲት ወይዘሮ ምግብ ቤት ልትከፍት ለዳግማይ ትንሣኤ እንግዳ ጠርታለች። ግንበኛው ሲሚንቶውን አቡክቶ ቆሟል። ጋሽ ጥላዬ «ውሃ ይደርበት» አሉ።

«ጋሼ፣ ስለ ማርያም! ነገ አገር ይመጣብኛል፣ ግድግዳዬ ተቦርቡሮ?» አለቻቸው።

«እንግዶችሽ ዶሮ ሊበሉ ነው የሚመጡት፣ ግድግዳ አይበሉም።»

ሴትየዋ ረገመቻቸው ማለት ይቻላል። ጠዋት ሶፍቱ በየመጋጠሚያው ደረቅ ወጣ። እሷም ወገቧን ይዛ «አዩ? ደረቅ ነው! ብዬዎት አልነበረም?» አለች።

«ትናንት ታምኚ ነበር» አሏት፤ «ዛሬ አወቅሽ።»

ሁለተኛው ሕግ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነው። ጋሽ ጥላዬ ሥራቸውን ለባለቤቱ አያስረክቡም። ከቤቱ ሰዎች ማንም የማይጠይቀውን ሰው ፈልገው፣ ዋናውን መዝጊያ በገዛ እጁ እንዲዘጋና እንዲከፍት ያደርጋሉ። ቡሉክ ያን ቀን የጠሩት ዕቃ አጣቢዋን ነው። አጣቢዋ «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» ብላ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። በላዶ አስተርጓሚነት «ቧንቧ ሲፈነዳ ባለቤቲቱ ገበያ ናት፣ እኔ ሌላ ሰፈር ነኝ፣ ቤት ያለሽው አንቺ ነሽ» አሏት። ዘጋች፣ ከፈተች፣ ደግማ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ምግብ ቤት ውሃ የሚመለከት ነገር የሚጠየቀው እሷ እንደሆነች ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ሸሪካት ልመለስ።

የክሊኒኳ ባለቤት ሲስተር ኛኮር አዋላጅ ናት። ልጅ ሆና ከጦርነት ሸሽታ ጋምቤላ ያደገች፣ እዚያው የተማረች፣ አገሯ ተመልሳ የመጣች ሰው ናት። አማርኛዋ ከኔ የጠራ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጋሽ ጥላዬን በር ላይ ጠብቃ አገኘቻቸው።

«ጋሽ ጥላዬ፣ በአንድ እጄ ሕፃን፣ በሌላው ጀሪካን መያዝ ሰልችቶኛል» አለቻቸው። ያለፈው ክረምት ቦቴው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ሲቀር በጀሪካን ቂጥ በቀረች ውሃ ታጥባ እንዳዋለደች፣ እናትየዋም በማግስቱ በትኩሳት እንደነደደች ነገረቻቸው። «ተረፈች» አለች፤ «ሁልጊዜ ግን አይተረፍም። ዝናቡ ሳይመጣ ይድረሱልኝ።»

ጋሽ ጥላዬ ሲጋራቸውን ከጆሯቸው አነሱ፣ አዩት፣ መለሱት። «እጅሽ ወደ ውሃው መሄዱ ይቀራል፤ ውሃው ወደ እጅሽ ይመጣል» አሏት።

እንዳሉትም ጀመሩ። ከፍ ያለ ማማ ላይ ትልቅ ታንከር ተሰቀለ። የጣሪያው አሸንዳ ዝናቡን እየሰበሰበ ታንከሩን እንዲሞላ ተደረገ፣ ቦቴው ቢቀር ሰማዩ እንዳይቀር። ቆሻሻው ውሃ ከክሊኒኩ ርቆ ወደሚገኝ ጉድጓድ ተወሰደ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ከመታጠቢያው በላይ ያለውን መክፈቻ ረጅም እጀታ ሠሩለት፣ ሲስተር ኛኮር ጣቷን ሳታስነካ በክርኗ ገፋ አድርጋ እንድትከፍተው። እጀታውን ለመሞከር ራሳቸው እጃቸውን አጣምረው በክርናቸው ሲገፉ ያየሁበት ቀን ደስ ብሏቸው ነበር። ሰው በሥራው ደስ ሲለው ያስታውቃል።

መጨረሻ የቀረችው ከመታጠቢያው ጀርባ ያለችው ጎሚቶ ነበረች። የዛሬው የፕላስቲክ ቧንቧ በጋለ ብረት ይቀልጥና ይጣበቃል፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጅ መንቀሳቀስ የለበትም። ብረቱ የሚግለው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ጄኔሬተሩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። «ዛሬስ ውሃም ያለ ባለ ሽቦው አልሄድ አለ» ብዬ ቀለድኩ። ያን ጊዜ ነው ፊታቸውን ያየሁት፤ ላብ አጥምቋቸዋል።

«ጋሼ፣ ይረፉ፣ ላዶ ይጨርሰው» አልኳቸው።

«ይቺን ብቻ» አሉ። አጣበቋት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡና ላዶ ቦዳ ሞተር ጠርቶ ደግፎ አወጣቸው። ከበሩ ዞር ብለው «ግንበኛው እንዳይቸኩል» አሉ፤ «ውሃ ይደርበት።» ለእኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ፍትሐቱ እዚሁ ተደረገ፣ አስከሬናቸው በአውሮፕላን ወደ ልጃቸው ወደ አዲስ አበባ ተሸኘ። ለቅሶው ቶንፒንግ ውስጥ ቧንቧውን እሳቸው በዘረጉት ሆቴል ግቢ ተቀመጠ። ድንኳኑ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጠዋት የታጠበው በእሳቸው ሥራ እንደሆነ ሳስብ ትንሽ ገረመኝ። ሰማዩ ከወንዙ ወዲያ ማጉረምረም ጀምሯል። የሸሪካቱ ግንበኛም እዚያው ነበርና «ነገ ልለስን ነው፣ ዝናቡ ደረሰ» አለኝ።

«ገና ውሃ አላደረበትም» አልኩት።

ሰውየው ደነገጠ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ጋሽ ጥላዬን ይወዳቸው ነበር። «ምን ማለትህ ነው? የጋሽ ጥላዬን ሥራ ልንፈትን? አፈሩ ሳይደርቅ? ነውር አይደለም እንዴ!» አለ። ጎኑ የነበሩ እናቶችም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው «እውነቱን ነው፣ የሙት ሥራ አይፈተንም፣ ነፍሳቸው ታዝናለች» አሉ። በር ላይ የነገሩኝን ቃል ነገርኳቸው። «እሱማ ልማዳቸው ነው» ተባልኩ። ላዶን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት ይጭራል። እንዲህ ነው እኛ ሰው የምናከብረው፤ በሕይወት እያለ ያዘዘንን ሲሞት ለክብሩ ብለን እንተወዋለን።

ሲስተር ኛኮር ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጋሽ ጥላዬን ከማንኛችሁም ባላነሰ አከብራቸዋለሁ» አለች፤ «እኔ ግን እጄን የምታጠበው በክብር አይደለም፣ በውሃ ነው። ግድግዳው ውስጥ እያፈሰሰ ታንከሬ ባዶ ሆኖ ምጥ ቢመጣብኝ ማን ይደርስልኛል? ውሃ ይደርበት።»

ግንበኛው ልስኑን ለማቆየት ተስማማ። ለእኔ ከለቅሶው ሁሉ የገባኝ ይህ የእሷ ቃል ነው።

በማግስቱ ቧንቧውን በውሃ ሞልተን ዘግተን ሄድን። ጠዋት ተመልሰን ላዶ ከማማው ጀምሮ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በሶፍት እየጠቀለለ ተከተለ። ደረቅ። ደረቅ። ግንበኛው ፊቱ እየበራ መጣ። ላዶ ማዋለጃ ክፍሉ ገብቶ ከመታጠቢያው ጀርባ ጎንበስ አለና ቆየ።

ሶፍቱ ረጥቧል።

«ላብ ነው፣ ቀዝቃዛ ቧንቧ ያልበዋል» አለ ግንበኛው። ላዶ ጎሚቶዋን በሸሚዙ ጫፍ አደረቃት፣ አዲስ ሶፍት ጠቀለለባት፣ ጠበቅን። እንደገና ረጠበ። ጠብታዋ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም ነበር። ያቺ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ያጣበቋት ጎሚቶ ናት።

ላዶ መቁረጫውን ያዘ፣ አስጠጋ፣ መልሶ አወረደው። አይኑ ሞልቷል። «የሙዓሊም የመጨረሻ ሥራ ነው» አለ። ግንበኛው በሹክሹክታ «በጎማ እንጠቅልላትና እንለስን፣ ማን ያያል?» አለ። እውነትም ማንም አያይም ነበር። ጋሽ ጥላዬ «የኛ ሥራ ጥሩ ሲሆን አይታይም» ይሉ የነበረው መጥፎውም እንደማይታይ ስለሚያውቁ ነው።

«ላዶ» አልኩት፤ «ሙዓሊም ቆሞ ቢሆን ምን ይልህ ነበር?»

መቁረጫውን እንደገና አነሳ። ከዚያ ቆረጣት። ቆርጦ ሲጨርስ አፍንጫውን ጠረገና «ባለ ሽቦው፣ ጄኔሬተሩን አስነሳ» አለኝ። በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው ሞቷል ብዬ ነበር።

አዲሲቱን አጣበቃት፣ እስክትቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ሆኖ ያዛት። ውሃ አደረበት። ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ ወጣ። ግንበኛው ሲሚንቶውን ሊያቦካ ሲነሳ ላዶ «ቆይ» አለውና ወደ ግቢው ወጥቶ ማማ ሮዛን፣ ክሊኒኩን የምታጸዳውን አሮጊት፣ እጇን ይዞ አመጣት። ዋናውን መዝጊያ አሳያት። ዘጋች፣ ከፈተች። «ኸላስ?» አለች፣ አለቀ ወይ ማለቷ ነው። «አንድ ጊዜ ድገሚው» አላት። ደገመችው። እኔ ያን ጊዜ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

ዝናቡ የመጣው ልስኑ ከደረቀ በኋላ ነው። መንገዱ እንደ ልማዱ ተበላሸ፣ ቦቴው እንደ ልማዱ ቀረ፣ አሸንዳው ግን ታንከሩን ሞላ። ሲስተር ኛኮር በዚያ ሳምንት በክርኗ ውሃ እየከፈተች አዋለደች። ለማሳመር ብዬ የመጀመሪያው ሕፃን ጥላዬ ተባለ አልልም፤ ሴት ነበረች፣ ስሟንም አልጠየቅሁም። እናትየዋ ግን ትኩሳት አልነካትም።

በየለቅሶ ቤቱ «የጋሽ ጥላዬ ሥራ ከሞቱም በኋላ ጠብታ አላፈሰሰም» ሲባል የሰማችሁት፣ በደግነት የተባለ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። አፍስሷል። «ውሃ ይደርበት» እያሉ የደከሙትም እንዲህ ያለውን ጠብታ ሳንለስን እንድናውቅ ነው።

ጋሽ ጥላዬ፣ ያቺን የመጨረሻ ጎሚቶዎን ቆርጠን አወጣናት። ላዶ ኪሱ ከተታት፣ ምን እንዳደረጋት እሱ ያውቃል። ሙት ተደፈረ የሚሉን አሉ፤ እርስዎ ግን ብንተዋት ኖሮ ነበር የሚቀየሙን። ናፍቀውኛል፤ ግድግዳ ስቦረቡር መንገዴን የሚዘጋብኝ ሰው አጣሁ። እንግዲህ ጉልበትዎን ያሳርፉ። የሸሪካቱ ግድግዳ ተለስኗል፣ ውስጡም ደረቅ ነው። አምነን አይደለም የምንነግርዎ፣ ጋሼ። ውሃ አድሮበት ነው።